«ባንክ» ስለ ተባለው የእንግሊዝኛ ቃል ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተደረገ ንግግር



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ ልናገርበት ያሰብሁት ስለ አንድ አጭር የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ይኸውም በእንግሊዞች ፊደል አራት፥ በእኛ ፊደል ሦስት ሆሄያት ብቻ ያሉት «ባንክ» የሚባለው ቃል ነው። ከእናንተ መካከል ይህን ቃል የማያውቅ የለም፤ ስለዚህ ምናልባት አንዳንዱ በልቡ «የሚታወቀውን ነገር ለማስረዳት ይህን ያህል ሰው መሰብሰብ ለምን አስፈለገ» ይል ይሆናል። እኔም ቀድሞ የማውቀው ይመስለኝ ነበር፤ የማውቀው ስለ መሰለኝም በአንድ ልጅ ላይ በደል ሠራሁ። ንግግሬንም ከዚያው እጀምራለሁ።

በወጣትነቴ በአንድ ወንዝ አጠገብ በተሠራ የገጠር ተማሪ ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። መዝገበ ቃላት አልነበረኝም። የነበረኝ ነገር ቢኖር በትምህርቴ ጊዜ እየሰማሁ የጻፍሁት፥ በአንድ ወገን እንግሊዝኛውን በሌላው ወገን አማርኛውን ያሰለፍሁበት ደብተር ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ቃል አንድ የአማርኛ ቃል ጽፌለት ነበር፤ ሁለተኛ ትርጉም ያለው ቃል ቢያጋጥመኝ ሥራዬን ለማወክ የመጣ ይመስለኝ ነበር። በዚያም ደብተር «ባንክ፤ የገንዘብ ቤት» የሚል ተጽፎ ነበር።

አንድ ቀን ለፈተና ወደ አማርኛ እንዲመልሱ በሰሌዳ ላይ ከጻፍሁላቸው ዐረፍተ ነገሮች አንዱ፥ ሽማግሌው በባንክ ላይ ተቀምጦ እግሩን ታጠበ የሚል ነበር። ዐረፍተ ነገሩን ከአንድ የንባብ መጽሐፍ ገለበጥሁት እንጂ ከራሴ አላወጣሁትም፤ ምን እንደሚልም ቆም ብዬ አላሰብሁም። ተማሪዎቹ ሁሉ እንዳስተማርኋቸው «ሽማግሌው በገንዘብ ቤት ላይ ተቀምጦ እግሩን ታጠበ» ብለው ጻፉ። አንድ የእረኛ ልጅ ብቻ «ሽማግሌው በወንዝ ዳር ተቀምጦ እግሩን ታጠበ» ብሎ ጻፈ። እኔም በቀይ ቀለም ሰረዝሁበት። ይህ ልጅ ከቄስ ተማሪ ቤት ገና የመጣ ስለ ነበረ «የኔታ» እያለ ይጠራኝ ነበር። ከመቀመጫው ተነሥቶ «የኔታ፥ በገንዘብ ቤት ላይ ወጥቶ እግሩን የሚታጠብ ሽማግሌ ከየት ይገኛል?» አለኝ። ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። እኔ ግን እንደ ድፍረት ቈጥሬ እስከ ደወል ድረስ አንበረከክሁት።

ጥቂት ወራት እንዳለፉ ወደ ከተማ ሄጄ በአንድ ወዳጄ ቤት ትልቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አገኘሁ። ስገልጥ ስገልጥ ያ ቃል መጣ። በመጀመሪያው ስፍራ የተጻፈለት ትርጉም የወንዝ ዳር የሚል ነበር። የገንዘቡ ቤት ከብዙ መስመር በኋላ፥ እንደ ሌላ ቃል ሆኖ ለብቻው ተጽፏል። መጽሐፉን እንደ ያዝሁ ብዙ ጊዜ ቆየሁ። ወደ ልጁ ነገር በኋላ እመለሳለሁ፤ አሁን ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለዚህ ቃል የለቀምሁትን ላካፍላችሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በእንግሊዝኛ ትርጉማቸው የሚበዛው ረጃጅሞቹና ከባዶቹ ቃላት አይደሉም፤ ሕፃንም ባልቴትም በየቀኑ የሚናገሯቸው አጫጭሮቹ ናቸው። ታላቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ከ1884 ጀምሮ በክፍል በክፍል እየታተመ በ1928 በተፈጸመ ጊዜ ከቃላቱ ሁሉ ይልቅ ሰፊውን ስፍራ ይዞ የተገኘው «ሴት» የሚባለው ባለ ሦስት ፊደል ቃል ነው። (ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር ዓመቶቹን የምናገረው በኤውሮጳ አቈጣጠር ነው።) ይህም ቃል በድምፅ ከእኛ ሴት ጋራ መግጠሙ አጋጣሚ ነው እንጂ ምንም ዝምድና የላቸውም፤ የእነርሱ «ሴት» ማኖር፥ ማዘጋጀት፥ የፀሐይ መጥለቅ፥ አብሮ የሚሄድ ዕቃ፥ ሌላም ብዙ ነገር ማለት ነው። ረጅሙ ቃል ብዙውን ጊዜ ለአንድ ሥራ ተለክቶ የተሠራ ነው። አጭሩ ግን እንደ ቤት ቢላዋ ሁሉም ስለሚያነሣው ለሁሉም ይውላል። ስለዚህ ተማሪው ቀላል ነው ብሎ የሚያልፈው ቃል ብዙውን ጊዜ አስቸጋሪው ነው።

ባንክም ከእነዚህ ወገን ነው። ሥሩ የሚገኘው በጥንት ዘመን በሰሜን ኤውሮጳ በኖሩት፥ ዛሬ እንግሊዞች ጀርመኖች ሆላንዶች ዴንማርኮች የሚባሉት በወጡባቸው ሕዝቦች ቋንቋ ነው። የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ያ የጥንቱ ቃል ከመሬት ከፍ ብሎ በረጅሙ የተጋደመን ነገር ያመለክት ነበር። ከፍ ያለው ነገር እንጨት ሲሆን መቀመጫ፥ ማለት አግዳሚ ወንበር ሆነ፤ አፈር ሲሆን ደግሞ ጉብታና የወንዝ ዳር ሆነ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ በቤታችን መደብ አለና። መደብ ከግድግዳ ጋራ ተያይዞ ከጭቃና ከድንጋይ የሚሠራ መቀመጫና መኝታ ነው፤ አፈርም ነው ወንበርም ነው። ከዚያ ደግሞ አትክልተኛው ችግኝ የሚያፈላበትን ከፍ ያለ አፈር መደብ ይለዋል። ሰዎች በኑሮና በማዕርግ ሲከፈሉ ይህ መደብ ያ መደብ ይባላል። እናንተም መምህራን በሰዋስው ትምህርት «እኔ» አንደኛ መደብ፥ «አንተ» ሁለተኛ መደብ እያላችሁ ታስተምራላችሁ። እንግዲህ አንድ እንግሊዛዊ አማርኛ ሊማር መጥቶ በደብተሩ «መደብ፤ የጭቃ መቀመጫ» ብሎ ብቻ ቢጽፍና «አንደኛ መደብ» የሚለውን ቢያነብ ምን እንደሚገባው አስቡት። እኔም በባንክ ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

እንግሊዞች ከጥንት ጀምሮ የራሳቸው የሆነው ቃል «ቤንች» የሚባለው ነው፤ አግዳሚ ወንበር ማለት ነው። የወንዝ ዳሩ ባንክ ግን በሌላ መንገድ መጣላቸው። በ9ኛው መቶ ዓመት የዴንማርክና የኖርዌይ ሰዎች በመርከብ እየመጡ የእንግሊዝን አገር ይወጉ ነበር። በ865 ብዙ ሠራዊት ይዘው ገቡና ከጊዜ በኋላ በምሥራቅና በሰሜን ክፍል ሰፍረው እያረሱ ተቀመጡ። ጠላቶች የነበሩት ሁለቱ ሕዝቦች ሲጋቡና ሲገበያዩ ቋንቋቸው ተቀላቀለ። ዛሬ እንግሊዞች እንቍላልን ኤግ፥ ሰማይን ስካይ፥ ቢላዋን ናይፍ የሚሉት ከእነዚያ ሰዎች በወረሱት ቃል ነው። መስኮትን ዊንዶው ይሉታል፤ ይህም በሰሜን ሰዎች ቋንቋ የነፋስ ዓይን ማለት ነበር። የወንዝ ዳሩ ባንክም ከዚሁ ወገን ሲሆን በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ከ1200 ገደማ ጀምሮ ይገኛል።

ይህ ባንክ በተለይ ለወንዝ የሚነገር ነው። ለባሕርና ለሐይቅ ዳር እንግሊዞች «ሾር» የሚል ሌላ ቃል አላቸው። ስለዚህ ባሕር ዳር የተባለችውን የከተማችንን ስም ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ ተማሪ ባንክ ብሎ ቢጽፍ አይቀናውም፤ የጣና ዳር ሾር ነውና፤ የዓባይ ዳር ግን ባንክ ነው። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ስፍራ ተማሪዎቹን ይዞ በእግር የሚዞር መምህር ሁለቱን ቃላት በአንድ ሰዓት ሊያሳያቸው ይችላል። ደግሞም የወንዝ ግራ ዳርና ቀኝ ዳር ሲባል የሚቈጠረው ፊቱን ውሃው ወደሚወርድበት አዙሮ ለቆመ ሰው ነው እንጂ ሽቅብ ለሚመለከት አይደለም። ወንዝ ወሰን በሆነበት አገር የምትሸመግሉ አባቶች፥ ይህ ጥንቃቄ ስንት ጠብ እንደሚያድን ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ።

ከዚያ ወዲህ የተቈለለ ነገር ሁሉ በዚህ ስም ይጠራ ጀመር። ውሃ ያከማቸው አሸዋ፥ ነፋስ ያከመረው በረዶ፥ ከአድማስ ላይ እንደ ግንብ የቆመ ደመና፥ ሁሉም ባንክ ይባላል። ከእነዚህ ሁሉ ግን እኔን ያስገረመኝ የምድጃው ነው። የእንግሊዝ ባላገር ሴት ማታ ፍሙን ሰብስባ አመድ ከምራ እስከ ጧት እንዳይጠፋ ስታደርገው እሳቱን ባንክ አደረገችው ይባላል። ይህም የእኛ እናቶች በየማታው የሚያደርጉት፥ እሳት ማዳፈን የምንለው ነው። አንድ ተማሪ ይህን ዐረፍተ ነገር በመጽሐፍ ቢያገኝና ሴትዮዋ እሳቱን ወደ ገንዘብ ቤት ወሰደችው ብሎ ቢተረጕም ልንስቅበት አይገባም፤ የሰጠነውን ነው የመለሰልን። አውሮፕላን በሰማይ ሲዞር አንዱን ክንፉን ዝቅ ሌላውን ከፍ አድርጎ ማዘንበሉም ባንክ ይባላል፤ ይህም ከጉብታው ተዳፋት የመጣ ነው።

ሁለተኛው የቃሉ ጉዞ ከዚህ የበለጠ ረጅም ነው። በ568 ሎምባርዶች የሚባሉት የጀርመን ወገን ሕዝብ ተራሮቹን ተሻግረው ወደ ኢጣልያ ገቡና በሰሜኑ ክፍል ነገሡ፤ ሎምባርዲያ የሚባለው አውራጃ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ከእነርሱ ወይም እንደ እነርሱ ወደዚያ አገር ከገቡት ከሌሎቹ የጀርመን ወገኖች የኢጣልያ ሰዎች አግዳሚውን «ባንኮ» ወይም «ባንካ» ብለው መጥራትን ተማሩ።

በመካከለኛው ዘመን የኢጣልያ ከተሞች፥ ፍሎረንስ፥ ጄኖቫ፥ ቬኒስ፥ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ገንዘብ ይመቱ ነበር። ስለዚህ ነጋዴ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ሲሄድ የያዘውን መመንዘር ነበረበት። መንዛሪውም በገበያው መካከል አግዳሚውን ዘርግቶ፥ ሚዛኑንና ከረጢቱን በላዩ አኑሮ ይቀመጥ ነበር። ሰዎቹ መጀመሪያ «ወደ ባንኮ ሄድሁ» ሲሉ ወደ እንጨቱ መሄዳቸውን መናገራቸው ነበር፤ እየዋለ እያደረ ግን ቃሉ ሰውዬውን፥ ከዚያ ሥራውን፥ በመጨረሻም የተሠራበትን ቤት የሚያመለክት ሆነ። እንጨቱ ተረሳ፥ ስሙ ቀረ። መዲቺ የተባሉት ቤተ ሰብ በ1397 በፍሎረንስ ባንካቸውን አቆሙ፤ በጄኖቫም በ1407 በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም የተሰየመው ባንክ ተመሠረተ።

ከዚያው አግዳሚ ሌሎችም ልጆች ተወልደዋል። ዕዳውን መክፈል አቅቶት የከሰረ ነጋዴ በእንግሊዝኛ «ባንክራፕት» ይባላል፤ ይህም ከኢጣልያኖቹ የተወሰደ ሲሆን የተሰበረ አግዳሚ ማለት ነው። የከሰረውን መንዛሪ አግዳሚ በገበያ ፊት ይሰብሩበት ነበር የሚል ታሪክ ይተረካል፤ እኔ ግን ታሪኩ ከቃሉ በኋላ ቃሉን ለማስረዳት የተፈጠረ ይመስለኛል፤ በእኛም አገር ሰው «ተሰበረ» ሲባል ማንም መጥረቢያ አያነሣም። በገበያ መካከል አግዳሚ ላይ ወጥቶ «ይህን ሥር የቀመሰ ከሆድ ቍርጠትም ከቡዳም ይድናል» እያለ የሚጮኸውን ዓይነት ሰው ደግሞ እንግሊዞች «ማውንትባንክ» ይሉታል፤ ቃሉም ከኢጣልያንኛ የመጣ ሆኖ አግዳሚ ላይ የሚወጣ ማለት ነው። እንደዚህ ያለውን ሰው የማያውቅ ገበያ ያለ አይመስለኝም። «ባንክዌት» የሚባለው የታላላቅ ሰዎች ግብርም ትንሽ አግዳሚ ከሚለው ቃል ወጥቷል፤ ትንሿ አግዳሚ ዛሬ ስንት ሰው እንደምታበላ ተመልከቱ።

ገንዘባዊው ባንክ ከኢጣልያ ወደ ፈረንሳይ፥ ከፈረንሳይም በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። በሎንዶን ከተማ የኢጣልያ ነጋዴዎች ሰፍረውበት የነበረው መንገድ እስከ ዛሬ የሎምባርድ መንገድ ይባላል። በ1694ም እንግሊዞች ከፈረንሳይ ጋራ ይዋጉ ነበርና ለመንግሥታቸው 1,200,000 ፓውንድ ለማበደር የእንግሊዝ ባንክ ተቋቋመ። ነገሩን ልብ በሉ። ቃሉ ከሰሜን ሕዝቦች ወጥቶ፥ አንደኛው ቅርንጫፍ በሰሜን ባሕር በኩል በጦረኞች መርከብ፥ ሁለተኛው ቅርንጫፍ በኢጣልያ ገበያ ዞሮ በነጋዴዎች ከረጢት ወደ አንድ ደሴት ገባ። በዚያም ሲገናኙ ወንድማማች መሆናቸውን ማንም አላወቀም። መዝገበ ቃላት ጸሐፊዎችም ሁለት ቃላት ናቸው ብለው ለየብቻ ይጽፏቸዋል።

ሦስተኛም አለ፤ እርሱን ባጭሩ አልፈዋለሁ። በፈረንሳይኛ አግዳሚ «ባን» ይባላል። በቀድሞ ዘመን መርከብ ቀዛፊዎች በአግዳሚ ላይ ተሰልፈው ይቀመጡ ስለ ነበረ የመቅዘፊያው ተርታ ባንክ ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ ተርታ የያዘ መብራትም ሆነ ቍልፍ በዚህ ስም ይጠራል።

የራሳቸው የጥንቱ «ቤንች» ደግሞ ወደ ዳኝነት ሄደ። ዳኛው የሚቀመጥበት አግዳሚ ቤንች ይባላል፤ ዳኞቹም ራሳቸው በዚያው ስም ይጠራሉ። ከታላላቆቹ የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች አንዱ የንጉሥ ወንበር ይባላል፤ ንግሥት ስትነግሥ የንግሥት ወንበር ይሆናል፤ ከ1952 እስከ 2022 እንዲህ ሲባል ቆይቶ ተመልሶ የንጉሥ ሆኗል።

እዚህ ላይ ሽማግሌዎቹ ፈገግ ስትሉ አያለሁ። በአገራችን በአፈ ንጉሡ ሥር ሆነው የሚፈርዱት ዳኞች ወንበሮች ይባሉ ነበርና። ለእኛ የዜማና የቅኔ መምህርም «ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል» ይባላል፤ ከዛፍ ጥላ ሥር በድንጋይ ላይ ቢቀመጥም እንኳ ወንበር ዘርግቷል። ይህ ቃል የግዕዙ መንበር ነው፤ መንበርም ነበረ ከሚለው የወጣ ነው። ነበረ በግዕዝ ተቀመጠ ማለት እንደ ሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። በአማርኛ ግን ያው ቃል ያለፈውን ሁሉ የምንናገርበት ሆነ፤ «ዝናም ነበር» ስንል ዝናም ተቀመጠ ማለታችን አይደለም። ከዚያው ሥርም ንብረት የሚለው ወጣ፤ በግዕዝ አቀማመጥና አኗኗር ማለት የነበረው በእኛ ዘንድ ከብትና ቤት፥ መሬትና ገንዘብ ሆነ። እንግዲህ የሰሜን ሰዎች ከመቀመጫ ተነሥተው ወደ ገንዘብ ቤት ቢደርሱ፥ እኛም ከመቀመጥ ተነሥተን ወደ ንብረት ደርሰናል። አንዱ ከሌላው አልተማረም፤ ነገሩ ግን ያስደስታል።

ወደ ኢትዮጵያ ይህ ቃል ገንዘብ ተሸክሞ መጣ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1905 ከግብፅ ናሽናል ባንክ ሰዎች ጋራ ውል ተዋዋሉና የአቢሲንያ ባንክ በ1906፥ ማለት በእኛ በ1898 ዓመተ ምሕረት፥ በአዲስ አበባ ተከፈተ። የተፈቀደለትም ዋና ገንዘብ 500,000 ፓውንድ ነበር። እስከዚያ ድረስ አገሩ የሚገበያየው በማርያ ቴሬዛ ብርና በአሞሌ ጨው ነበር፤ ስለዚህ ነገሩ አዲስ ስለ ነበረ ስሙም ከነገሩ ጋራ ሳይተረጐም ገባ። በ1931 መንግሥት ያንን ባንክ ገዝቶ በምትኩ የኢትዮጵያ ባንክን አቆመ፤ ከጠላት ወረራ በኋላም በ1942 በወጣው ሕግ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ተቋቋመ፤ በ1963 በወጣው ሕግ ደግሞ ሥራው በብሔራዊ ባንክና በንግድ ባንክ ተከፈለ። ለእኛ ወንዙም አመዱም ደመናውም አልደረሰንም፤ ከቃሉ ትርጉሞች የመጣልን የገንዘቡ ብቻ ነው። የእኔም ደብተር ስሕተት ከዚህ የተነሣ ነው፤ ባንክን የማውቀው በአማርኛ ሆኖ ሳለ በእንግሊዝኛ የማውቀው መስሎኝ ነበር።

ግን አንድ ወንድሙ በሌላ በር ገብቶ በከተማ ተቀምጧል። በቡና ቤትና በሱቅ ሻጭና ገዢ የሚለያዩበትን ረጅም ጠረጴዛ ባንኮኒ እንለዋለን። ይህም የኢጣልያኖቹ «ባንኮኔ» ነው፤ ትልቅ አግዳሚ ማለት ነው። እንግዲህ በከተማ ባንኮኒ ተደግፎ ቡና የሚጠጣ ሰው፥ በዚያች በአሮጌዪቱ የመንዛሪ አግዳሚ ላይ ክንዱን አስደግፏል። ገንዘቡንም ከአጠገቡ ካለው ባንክ አውጥቶ እንደ ሆነ ሁለቱን ወንድማማቾች በአንድ ቀን ጐብኝቷቸዋል፤ እርሱ ግን አላወቀም።

በኋለኛው ዘመን ቃሉ ከገንዘብ ወደ ማናቸውም ለክፉ ቀን ወደሚቀመጥ ነገር ተሻገረ። በርናርድ ፋንተስ የሚባል ሐኪም በ1937 በቺካጎ ከተማ ሆስፒታል ከጤነኛ ሰው የተቀዳን ደም በማቀዝቀዣ እያኖረ ለሚያስፈልገው በሽተኛ የሚሰጥበትን ክፍል አቁሞ የደም ባንክ ብሎ ሰየመው። በአዲስ አበባም በ1976 ከጀርመን መንግሥት ጋራ በተደረገ ስምምነት የእህል ዘር የሚጠበቅበት ተቋም ቆመ፤ በዚያም የገበሬዎቻችን የገብስ፥ የስንዴ፥ የማሽላ፥ የጤፍ ዘር ደርቆና ቀዝቅዞ ይኖራል። ሰው የዘር ባንክ ይለዋል። እኔ የዘር ጎተራ ቢባል እወድ ነበር፤ ገበሬው ለመጪው ክረምት ዘሩን ለይቶ ማስቀመጥን ከማንም ባንክ አልተማረምና። ዳሩ ግን ቃል በእኔ ውዴታ አይሄድም።

አሁን ወደ ሥራችን ልመለስ። በእናንተ መካከል አንድምታ የተማራችሁ አላችሁ፤ አንድ ቃል ሲነበብ «አንድም» እየተባለ ብዙ ምሥጢር እንደሚወጣለት ታውቃላችሁ። ቅኔ የቈጠራችሁም ሰሙን ከወርቁ መለየት ታውቃላችሁ። ነገር ግን በቅኔ ሁለቱን ትርጉም ሆነ ብሎ በአንድ ላይ ያኖራቸው ባለ ቅኔው ነው፤ ሁለቱንም እንድናገኝ ይፈልጋል። ባንክ በሚለው ቃል ግን ሁለቱን ያገናኛቸው ዘመን ነው፤ ጸሐፊው ደግሞ በአንድ ስፍራ ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው አንዱን ብቻ ነው። ስለዚህ የአንባቢው ሥራ ምሥጢር ማብዛት ሳይሆን መምረጥ ነው።

የሚመርጠውም በቃሉ ጎረቤቶች ነው። በአጠገቡ ወንዝ፥ ሣር፥ ጀልባ፥ ዓሣ ቢገኝ ዳር ነው፤ ብር፥ ብድር፥ ሒሳብ ቢገኝ የገንዘብ ቤት ነው፤ አመድና ፍም ቢገኝ ማዳፈን ነው። ትንንሾቹን ቃላትም አትናቁ። «ኢን ዘ ባንክ» ቢል ውስጥ ነውና ገንዘቡ ነው፤ «ኦን ዘ ባንክ» ቢል ላይ ነውና ብዙውን ጊዜ የወንዙ ነው። ነገር ግን አድራጊው ራሱ «ባንክ ኦን» ሲሆን በአንድ ሰው ወይም ነገር መተማመን ማለት ነው፤ በዚህ እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ። መዝገበ ቃላት በሌለበት ተማሪ ቤት የሚያስተምር መምህር ይህን ሁሉ በሰሌዳ ላይ ሊጽፍ አይችልም፤ ቢሆንም ለተማሪዎቹ አንድ ትርጉም ሲሰጥ «ይህ ቃል ሌላም አለው፤ በሚቀጥለው ስናገኘው እናያለን» ማለት ይችላል። ይህችን አንዲት ነገር ብናገር ኖሮ ያን ልጅ አላንበረክከውም ነበር።

ከከተማ በተመለስሁ በማግሥቱ ተማሪዎቹን ሁሉ ሰብስቤ፥ ልክ የጻፈው እርሱ እንደ ነበረ፥ የተሳሳትሁትም እኔ እንደ ሆንሁ በፊታቸው ተናገርሁ። ከዚያም ልጁን አስነሥቼ ቃሉን ከማን እንደ ተማረው ጠየቅሁት። እርሱም «የኔታ፥ ቃሉን አላውቀውም ነበር፤ ሽማግሌ እግሩን የት እንደሚታጠብ ግን አውቃለሁ» አለኝ። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «እንግዲያስ ነጥቤ ይመለስልኛል?» ብሎ ጠየቀኝ።

ነጥቡን መለስሁለት። እጁን ግን በእንግሊዝኛ ሰዓት እስከ ዓመቱ ፍጻሜ ድረስ አላነሣም።